በዝናም ውስጥ የሜዳ ሙዚቃ ስለ መስማት

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት ላይ የቀረበ)



ዛሬ ማታ ልናገርበት የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ይህ መድረክ ስለ ትምህርት ጥራት፥ ስለ ሥራ ማጣት፥ ስለ አገር አንድነት ሲነገርበት የቆየ መድረክ ነው፤ እኔ ግን ዝናም እየዘነመ ሙዚቃ ስለ መስማት ልናገር ተነሥቻለሁ። ርእሱን ለአንድ ጓደኛዬ ባዋየሁት ጊዜ «ዝናም ሲመጣ ሰው ቤቱ ይገባል፤ ለዚህ ደግሞ ምን ንግግር ያሻል?» አለኝ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ቢሆን ኖሮ የማኅበራችን ኮሚቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባልተከራከረበት ነበር።

ክርክሩን ታውቁታላችሁ። የትምህርት ዘመን መዝጊያው የሙዚቃ ትርዒት በሰኔ ይደረጋል። በአዳራሽ ይሁን የሚሉ አሉ፤ በሜዳ ይሁን የሚሉም አሉ። የአዳራሹ ወገን ምክንያት አንድ ቃል ነው፤ ዝናም። የሜዳው ወገን ምክንያትም አንድ ቃል ነው፤ ሕዝብ። አዳራሹ እኛኑ ተማሪዎቹን እንኳ በቅጡ አይችለንም። በሜዳ የሆነ እንደ ሆነ ግን የጊንጆ ጉዱሩ ነዋሪ፥ የገበያው ተሸካሚ፥ ከበራችን ፊት ሻይ የምታፈላልን እናት ከነልጆቿ ገብተው ሊሰሙ ይችላሉ። እኔ ከሜዳው ወገን ነኝ። ይሁን እንጂ የሜዳው ወገን ጓደኞቼ «ዝናም ምን ያደርጋል? ወጣቶች አይደለንም ወይ?» እያሉ ሲመልሱ ስሰማ ልስማማ አልቻልሁም። ዝናም ብዙ ነገር ያደርጋል። በማን ላይ ይውረድ፥ ማን ይጠለል የሚለውን ግን ዝናሙ ራሱ አይወስነውም፤ የምንወስነው እኛ ነን። ልናገር የመጣሁትም ስለዚህ ነው።

አስቀድሞ «መጥፎ አየር» የሚለውን አነጋገር እንመርምረው። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፥ በአጋሮ፥ በጎማ፥ በሊሙ፥ ዝናምን መጥፎ ብሎ የሚጠራ ሰው ከሌላ አገር የመጣ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። ቡና በደረቁ ወራት እምቡጡን ቋጥሮ ይጠብቃል፤ የበልጉ ዝናም ጠብ ባለ በጥቂት ቀን ውስጥ ኮረብታው ሁሉ ነጭ ይለብሳል፥ ሽታውም እስከ መንገድ ይመጣል። ኦሮሞው ልጁን ሮባ ብሎ ይሰይማል፤ ዝናም ማለት ነው። ማንም ልጁን በመጥፎ ነገር ስም አይጠራም። ከተማችን በዓመት ወደ 1500 ሚሊሜትር ዝናም ታገኛለች፤ ዝናሙም ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ገደማ አንዴ ሲበረታ አንዴ ሲላላ ይቆያል። እንግዲህ በጅማ ደረቅ ቀን ጠብቄ በሜዳ አዘፍናለሁ ለሚል ሰው የሚተርፉት የበጋ ወራት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ቡና የሚለቀምባቸውና የሚሰጣባቸው፥ የሠራተኛው ሁሉ እጅ ሥራ የያዘባቸው ወራት ናቸው። እኛም በጥርና በየካቲት ፈተና ላይ ነን።

ደግሞም በዝናም ወራት በደጅ መዝፈን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ነው። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ የሚዞሩት ክረምቱ ገና ሳይወጣ፥ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ነው። በትግራይ አሸንዳ፥ በዋግ ሻደይ፥ በላስታ አሸንድዬ የሚባለው የልጃገረዶች ጨዋታም የሚጀምረው በዚያው በነሐሴ አጋማሽ ነው። እንቁጣጣሽ ሲመጣ አበባየሆሽ የሚሉት ልጆች አደይ አበባውን የሚለቅሙት ከረጠበ ሣር ላይ ነው። የበዓል ዘፈኖቻችን ብዙዎቹ ዝናም ያልለቀቃቸው ናቸው።

ነገር ግን እነዚህ ዘፋኞች እግር አላቸው። ዝናም ሲወርድ ከግቢው ወደ በረንዳው ይጠጋሉ፥ ሲያባራ ይቀጥላሉ። መሣሪያቸው ዱላና ጭብጨባ ነው፤ ከበሮም ቢኖር አንድ ሰው ከጋቢው ሥር ይሸሽገዋል። ችግሩ የመጣው ሙዚቃው አንድ ቦታ ላይ ሲተከል፥ ሽቦ ሲዘረጋለት፥ አጥር ሲታጠርለትና ትኬት ሲቈረጥለት ነው። ዘፋኙ ከሽቦው አይላቀቅም፥ አድማጩም ገንዘብ ከፍሎበታልና ጥሎ አይሄድም። ሁለቱም ታስረው ዝናሙን ይጠብቁታል።

ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ልናገር፤ ይህ ነገር በኮሚቴው ውስጥ ማንም ያላነሣው ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም አግኝተዋቸው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው አርባ ልጆች የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች ይነፉት የነበረው የናስ መሣሪያ ነው። ናስ ውሃ አይፈራም፤ ያንጠፈጥፉታል፥ በጨርቅ ይወለውሉታል፥ ይነፉታል። በየአገሩ ለሰልፍና ለአደባባይ የናስ ባንድ መመረጡ ድምፁ ሩቅ ስለሚሄድ ብቻ ሳይሆን ይህንንም ስለሚችል ይመስለኛል። የአገራችን መሣሪያ ግን ከእንስሳ ገላ የተሠራ ነው። የከበሮ ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይላላል፥ ድምፁም ይሞታል፤ ስለዚህ ነው ከበሮ ከመመታቱ በፊት ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር የሚሞቀው። የበገና አውታር ከበግ አንጀት የተገመደ ነው፤ አየሩ በረጠበ ቊጥር ቅኝቱ ይዛባል። የመሰንቆው ጭራና ፊቱን የሸፈነው ቆዳም እንዲሁ ናቸው። በጅማ በ1936 ዓ.ም. የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ የሚጫወትበት ቫይብራፎን ደግሞ የብረት ዘንግ ቢሆንም ከሥሩ ሞተር አለው፤ ውሃና ሞተር አይስማሙም። ስለዚህ በሜዳችን ላይ ዝናም ቢመጣ መጀመሪያ የሚሰናከለው በጣም የምንወደው ሙዚቃ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ ልመለስ። ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ በጊንጆ ጉዱሩ የሙዚቃ ትርዒት ተደርጎ ነበር። አዘጋጆቹን በስም መጥራት አያስፈልግም፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ከመድረኩ ፊት ለፊት፥ በስተቀኝ በኩል፥ ሰፊ ነጭ ድንኳን ተተክሎ፥ ልብስ የለበሱ ወንበሮች ተደርድረው፥ የታሸገ ውሃ ቀርቦ ነበር። ይህ የክብር እንግዶች ቦታ ነው። በዙሪያው ገመድ ተወጥሯል፥ ከገመዱ ወዲያ ሕዝቡ ቆሟል። መድረኩ የቆርቆሮ ክዳን ነበረው፤ የድምፅ ማጉያው ሳጥኖችና የኤሌክትሪኩ ማከፋፈያ ግን ከነሽቦአቸው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ በስተምዕራብ ጠቆረ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ካፊያ ጀመረ፥ ብዙም ሳይቆይ ዶፍ ሆነ። ጃንጥላ ያለው ሁሉ ዘረጋ። ጃንጥላ የያዙትም አብዛኞቹ ቀድመው መጥተው ከፊት የቆሙት ነበሩና ከኋላ ያለው ሕዝብ ከዚያ በኋላ ያየው ነገር የጃንጥላ ጀርባ ብቻ ነው። ከኋላዬ የነበረች አንዲት ልጅ የማዳበሪያ ከረጢት ራሷ ላይ ደፍታ «ዘፋኙ መጣ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዘፋኙ ሁለተኛውን ዘፈን እየጨረሰ ነበር።

ድንኳኑ ግማሹ ባዶ ነበር። የተጠሩት እንግዶች ሰማዩን አይተው ሳይመጡ ቀርተው ይሆናል። ሕፃን ያዘለች አንዲት እናት ወደ ገመዱ ቀርባ ልጄን ላስጠልል ብላ ለመነች። በገመዱ ላይ የቆመው ዘበኛ «ትእዛዝ የለኝም እናቴ» አላት። በክፋት አልተናገረም፤ እርሱም እንደ እርሷ በስብሶ፥ ባዶዎቹን ወንበሮች ከዝናም እየጠበቀ ነበር። ይህን ትዕይንት ያየ ሰው ስለ ማኅበራዊ ኑሮአችን ከአንድ ሙሉ የትምህርት ወቅት የበለጠ ይማር ነበር ብል መምህሮቼ ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከበሮ መቺው ከመድረክ ወርዶ ከበሮውን ሻይ በምታፈላው ሴት የከሰል ምድጃ ላይ ሲያሞቅ ሰው ሳቀ። እርሷም ጀበናዋን አንሥታ ቦታ ለቀቀችለት። ቀጥሎ የመጣው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጊታር የሚመታው ልጅ ለመዝፈን ወደ ማይክሮፎኑ ቀርቦ ከንፈሩ ሲነካው ኤሌክትሪክ ነዘረውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተወረወረ። ሕዝቡ አዲስ የውዝዋዜ ስልት መስሎት አጨበጨበ። ጊታረኛው ከዚያ በኋላ ከማይክሮፎኑ አንድ ክንድ ርቆ ዘፈነ፤ ማንም የሚያቆመው አልነበረም፥ የማቆም ሥልጣን ያለው ሰው ማን እንደ ሆነም የሚያውቅ አልነበረም። ኋላም ትርዒቱን ያቆመው የመብራት መጥፋት ነው። ከሙዚቀኞቹ አንዱ እንደ ነገረኝ፥ «ትርዒቱ አላለቀም» ተብሎ የገንዘባቸው ግማሽ ቀረባቸው።

በዚያ ቀን አንድ መልካም ነገር አይቻለሁ፤ እርሱንም ሳልናገር ብቀር ማዳላት ይሆንብኛል። አራት ጐረምሶች ከአቅራቢያው የቡና ማከማቻ አንድ ትልቅ ሸራ ተሸክመው መጡ። በመኸር ጊዜ ቡናው አልጋ ላይ እንደ ተሰጣ ደመና ሲያጠላ የሚሸፈንበት ሸራ ነው። የቡና አገር ልጅ ዝናም ሲመጣ ወደ ሸራው መሮጥን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ በዚያ ቀን ግን የተሸፈነው ቡና ሳይሆን ሰው ነበር። ሸራውን በጫፍ በጫፉ ይዘው ከፍ ሲያደርጉት ሠላሳ አርባ ሰው ከሥሩ ገባ፥ እያንዳንዱም እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አገዘ። ውሃው በመካከሉ እየተጠራቀመ ሸራው ሆዱን ሲጥል አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ገፋ ያደርጉታል፤ ውሃውም ዳር በቆሙት ላይ ይወርዳል፤ ዳር የቆሙት ይጮኻሉ፥ ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሕፃን ያዘለችውም እናት ወደ መካከሉ ገባች። ከሥሩ ሳለን ማን ተማሪ፥ ማን ተሸካሚ እንደ ሆነ የጠየቀ የለም፤ ሁላችንም እጃችን ወደ ላይ ነበር።

ይህ ሁሉ በእኛ ድህነት የመጣ ነው የሚል ካለ የሀብታሞቹን አገር ይመልከት። በነሐሴ 1961 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በቤተል፥ ዉድስቶክ ተብሎ ወደ ታወቀው የሜዳ ሙዚቃ አራት መቶ ሺህ ያህል ሰው ሄዶ ነበር። እሑድ ነሐሴ 11 ቀን ከሰዓት በኋላ ጆ ኮከር ዘፍኖ እንዳበቃ ውሽንፍር ተነሥቶ ሙዚቃው ለብዙ ሰዓት ተቋረጠ። ያን ሁሉ ሰው በጭቃ ውስጥ አስቀምጠው ፕሮግራሙ እየተገፋ ስለ ሄደ በመጨረሻ ይጫወታል የተባለው ጂሚ ሄንድሪክስ መድረክ ላይ የወጣው ሰኞ ጧት፥ አብዛኛው ሕዝብ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው። (በእኛ አቆጣጠር የቡሄ ዋዜማ ነበር። የእኛም ልጆች በዚያ ሰዓት ጭቃ ላይ ነበሩ ማለት ነው።) ዛሬ ዓለም ዉድስቶክን በፍቅር ያስታውሰዋል፤ ጭቃው ራሱ ዝነኛ ሆኗል። እኔ ግን ይህን ዝና እየጠቀሱ «ዝናም ያሳምረዋል» የሚሉትን አላምናቸውም። በዚያ ቀን አደጋ ሳይደርስ መቅረቱ ሌላ ቀን ላለመድረሱ ዋስትና አይሆንም።

ምክንያቱም ነሐሴ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. በዚያው በአሜሪካ፥ በኢንዲያና ክፍለ ሀገር ዐውደ ርእይ ላይ ሕዝቡ ሹገርላንድ የተባለውን ቡድን ሲጠብቅ ከዝናሙ ቀድሞ የመጣ ነፋስ የመድረኩን ጣራ በሰው ላይ ጣለውና 7 ሰዎች ሞቱ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ጣራው የሚፈለገውን ያህል ጥንካሬ እንዳልነበረው፥ ትርዒቱን የማዘግየት ሥልጣንም የማን እንደ ሆነ በግልጽ ያልተወሰነ እንደ ነበረ አመለከተ። በአምስተኛው ቀን በቤልጅግ፥ ፑክልፖፕ በተባለው የሜዳ ሙዚቃ ላይ ማዕበል ድንኳንና ዛፍ ጥሎ 5 ሰዎች ሞቱ። ጊታረኛችን በጊንጆ ጉዱሩ ሜዳ ላይ ከማይክሮፎኑ ርቆ ሲዘፍን ከነዚያ ሰዎች የለየው ዕድል ብቻ ነው።

ስለ ጃንጥላው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ሐምሌ 23 ቀን 1983 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ሉቺያኖ ፓቫሮቲ በለንደን ሃይድ ፓርክ በነጻ ዘፈነ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተሰበሰበ፥ ዝናሙም በማያባራ ኃይል ወረደ። ጃንጥላ ሲዘረጋ ከኋላ የነበሩት ማየት ስላልቻሉ ጃንጥላ ሁሉ እንዲወርድ ተጠየቀ። ከፊት ተቀምጣ የነበረችው ልዕልት ዲያናም እንደ ሌላው ሰው ፀጉሯ እስኪበሰብስ ረጥባ አዳመጠች። እኔ ልዕልቶችን የማደንቅ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በአገራችን ጃንጥላ ተራ ዕቃ ሆኖ እንደማያውቅ አስቡ፤ ለታቦት ይዘረጋል፥ ለንጉሥ ይዘረጋ ነበር፤ በጌጥ የተሠራው ድባብ ከፍ ባለ ቊጥር ከሥሩ ያለው ሰው ከፍ ይላል። ስለዚህ የፊቱ ሰው ጃንጥላውን ያጥፍ ማለት ለእኛ ከእንግሊዞቹ ይልቅ የሚከብድ ነገር ነው። በዚህም ምክንያት ነው አስቀድሞ መወሰን ያለበት፤ በዶፍ መካከል በማይክሮፎን ቢለመን ማንም አይሰማም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ ለኮሚቴው ያቀረብሁት ሐሳብ ይህ ነው። ትርዒቱ በሜዳ ይሁን፤ ሰዓቱ ግን ከቀትር በፊት ይሁን። በጅማ ክረምት ደመናው ብዙውን ጊዜ ተጠራቅሞ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የተሻለ ተስፋ አለን። ሙዚቃ በጧት አያምርም የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በዘጠኝ ሰዓት ዶፍ ውስጥም አያምርም። ያለን ድንኳን አንድ እንደ መሆኑ መጀመሪያ የሚሸፈነው የኤሌክትሪኩ ማከፋፈያና መሣሪያው ይሁን። ማከፋፈያው ከመሬት ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፥ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ይመርምረው፤ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሞልተናል፥ እስከ ዛሬ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ከተረፈው ድንኳን ሥር ሽማግሎች፥ ሕፃን የያዙ እናቶችና ሕመምተኞች ይቀመጡ። የክብር እንግዶቻችን እነርሱ ናቸው። የማኅበሩ ሹማምንት፥ እኔም ጭምር፥ ከገመዱ ውጭ እንቁም፤ ገመድም አያስፈልግም።

ትርዒቱን የሚያቆመው ሰው ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ በስሙ ይታወቅ። ይህ ሰው ዘፈን የሚወድ ባይሆን እመርጣለሁ። ሕጉም ቀላል ነው፤ መብረቅ ካበረቀ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቈጠር። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ሠላሳ ሳይቈጠር ከተሰማ መብረቁ ከዐሥር ኪሎ ሜትር ወዲህ ነውና ኤሌክትሪኩ ይጥፋ፥ ሰውም ወደ ሕንፃዎቹ ይግባ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ሠላሳ ደቂቃ ሳያልፍም ወደ ሜዳው አይመለስ። ይህ የሚሆነው ግን የሕንፃዎቹ በር ለከተማው ሰውም የተከፈተ እንደ ሆነ ነው። በሩን ለእኛ ብቻ ከፍተን የጊንጆ ጉዱሩን ሰው ዛፍ ሥር የምናስቀምጠው ከሆነ አሁኑኑ አዳራሹን እንምረጥና ሕዝቡን አንጥራ።

የሙዚቀኞቹ ዋጋ ዝናም መጣ ተብሎ አይቀነስ። እነርሱ መጥተዋል፤ ደመናውን አላመጡም። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፥ ባለፈው ዓመት ለእንግዶች ውሃና ለወንበር ልብስ ያወጣነው ሒሳብ በገንዘብ ያዡ እጅ አለ፤ እዩት።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰው ከተመለከታቸው የሜዳ ሙዚቃዎች አንዱ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን ዌምብሊ ስታዲዮምና በአሜሪካ ፊላደልፊያ በአንድ ቀን የተደረገው ላይቭ ኤይድ ነው። የተደረገውም በእኛ አገር ዝናም ቀርቶ፥ ጦርነትም ተጨምሮበት፥ ሰው በረሃብ ስላለቀ ነው። እኔ ያን ጊዜ አልተወለድሁም፤ አባቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በሰኔ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ራሱን ሳይሸፍን ግቢ ውስጥ ይቆማል። ስለዚህ በሰኔ ዝናም ቢመታን ማማረር ያስቸግረኛል። የማማርረው ባዶ ድንኳን አጠገብ ሕፃን ሲመታ ነው።

የኮሚቴው ድምፅ አሰጣጥ ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት እንድታውቁት የምፈልገው አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል። በሰኔ የቡና መስጫ አልጋዎች ባዶ ናቸው፤ ሸራዎቹም ታጥፈው በየማከማቻው ተቀምጠዋል። ሁለት የቡና ነጋዴዎችን አነጋግሬ ስድስት ሸራ ያለ ኪራይ ሊያውሱን ተስማምተዋል። እያንዳንዱ አርባ ሰው የሚያስጠልል ነው፤ የሚይዙት ሰዎች ግን ያስፈልጉናል፥ ለአንድ ሸራ ቢያንስ ዐሥር ሆነው በየተራ የሚለዋወጡ። ስም መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ከነጋዴዎቹ አንደኛው የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሸራው በደንብ ደርቆ፥ ከመስከረም መጨረሻ በፊት እንዲመለስላቸው።